የእናትዎን አውራ ጣት ማን ይዞታል?

እስቲ አንድ ቤት ያስቡ። ቤቱ ከመካነ ሰላም ከተማ በእግር ሁለት ሰዓት ያህል ወጣ ብሎ ነው። ጊዜው ታኅሣሥ ነው፤ ገብሱ ተወቅቶ ጎተራ ገብቷል። ሰባ ዓመት ያለፋቸው አንዲት እናት ባናቸውን ደርበው ከምድጃው ዳር ተቀምጠዋል። ዓይናቸውን ሞራ ጋርዶታል። ውኃ የሚያስቀዳላቸው፣ ማገዶ የሚፈልጥላቸው፣ መሬታቸውን በእኩል የሚያርስላቸው የወንድማቸው ልጅ ዛሬ አንድ ወረቀትና የማኅተም ቀለም ይዞ ገባ።

«እትዬ፣ የማዳበሪያ ወረቀት ነው። እዚህች ላይ ይጫኑልኝ» አላቸው።

እጃቸውን ዘረጉለት። እሱም አውራ ጣታቸውን ይዞ መጀመሪያ ቀለሙ ላይ፣ ቀጥሎ ወረቀቱ ላይ ጫን አደረገው። ጣታቸውን በነጠላው ጫፍ ጠረገላቸው።

«ዕድሜ ይስጥህ ልጄ» ብለው መረቁት።

ወረቀቱ የማዳበሪያ አልነበረም።

ታሪኩን ያቀናበርሁት እኔ ነኝ፤ እኚህ እናት በስም የሉም። ነገር ግን የዚያ አገር ልጅ ከሆኑ ገና አንብበው ሳይጨርሱ የሚያውቁት አንድ ፊት ድቅን ሳይልብዎ አልቀረም። ይህን የምጽፈውም ለእርስዎ ነው፤ እናትዎን ወይም አባትዎን ቦረና፣ ለጋምቦ፣ ከላላ፣ ወግዲ ወይም ሳይንት ትተው በደሴ፣ በአዲስ አበባ፣ በጅዳ ወይም በሌላ ሩቅ ቦታ ለሚኖሩት።

ሌባው በር አይሰብርም

ከደሴ ተነሥቶ በአቀስታ አድርጎ ወደ ምዕራብ የሚሄደውን መንገድ የሚያውቅ ያውቀዋል። (ቦረና ስል የደቡቡ እንዳይመስልዎ፤ ይህ የወሎው ቦረና ነው፤ ቀድሞ ደብረ ሲና ወረዳ ይባል የነበረው፣ ዋና ከተማው መካነ ሰላም የሆነው።) ደጋው የገብስና የበግ አገር ነው። ወደ አባይና ወደ በሽሎ ሸለቆ ሲወረድ ደግሞ ጤፍና ማሽላ ይበቅላል። ዛሬ እዚያ ሰባና ሰማንያ ዓመት የሆናቸው ሰዎች የ1966ቱን ረሃብ በልጅነትና በወጣትነት፣ የ1977ቱን ደግሞ ልጅ አዝለው ያለፉ ናቸው። ከዚያ ሁሉ በኋላ በእጃቸው የቀረው ሀብት አንድ ነው፤ መሬት። እሱንም የሚያረጋግጥላቸው ከሣጥን ሥር ያለው የይዞታ ደብተር ነው።

ልጆቻቸው ሄደዋል። አንዱ ደሴ ነው፣ አንዷ ኮምቦልቻ፣ አንዷ ዓረብ አገር። ይህ የማንም ጥፋት አይደለም፤ የተሄደው እንጀራ ፍለጋ ነው። ሆኖም ልጅ የሄደበት ቤት ባዶ ሆኖ አይቀርም። አንድ ሰው ይገባበታል። የሚገባውም አብዛኛውን ጊዜ ዘመድ ወይም ጎረቤት ነው፤ አብዛኛውን ጊዜም በቅን ልብ ነው የሚገባው።

ችግሩ የእኛ አገር ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ፣ በ28 አገሮች የተደረጉ 52 ጥናቶችን አንድ ላይ ያየ ሥራ፣ ዕድሜያቸው 60 ከሞላ ሰዎች መካከል ከስድስቱ አንዱ ገደማ በአንድ ዓመት ውስጥ አንድ ዓይነት በደል እንደ ደረሰበት አሳይቷል። ከመቶው ወደ ሰባት የሚሆኑት የተበደሉት በገንዘባቸውና በንብረታቸው ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ደግሞ ከ24 በደሎች ለሚመለከተው ክፍል የሚነገረው አንዱ ብቻ ነው ብሎ ይገምታል። ለምን? መልሱን ለማወቅ ወደ ጥናት መሄድ አያስፈልግም፤ እናትዎን ይጠይቋቸው። «የወንድሜን ልጅ ልክሰስ? ማን ውኃ ሊያስቀዳልኝ?» ይሉዎታል።

እዚህ ላይ ነው ነገሩ ያለው። አረጋውያንን ስለ መጠበቅ ሲወራ አእምሯችን ወደማይታወቅ አጭበርባሪ ይሮጣል። እሱም አለ፤ ወደ በኋላ እመጣበታለሁ። በደጋው ወሎ ግን የአንዲትን አሮጊት መሬት ለመውሰድ ከሁሉ የተመቸው ሰው በየቀኑ እጃቸውን ይዞ ወደ ደጅ የሚያወጣቸው ነው።

መሬቱ የሚሄድባቸው በሮች

መሬት በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሠረት አይሸጥም፣ አይለወጥም። ብዙ ሰው ይህን ሰምቶ «እንግዲያው የእናቴ መሬት የትም አይሄድም» ብሎ ይተኛል። መሬቱ ግን የሚሄደው በሽያጭ ስም አይደለም።

የመጀመሪያው በር እኩል ነው። አቅም የሌለው ባለ መሬት መሬቱን ይሰጣል፤ አራሹ በሬውንና ጉልበቱን ያመጣል፤ ምርቱን ይካፈላሉ። ያረጀ ሰው ያለ እኩል እንዴት ይኖራል? ነውር የለበትም። ነገር ግን ባለ መሬቷ አውድማ ድረስ መሄድ ካልቻሉ፣ ስንት ቁና እንደ ተሰፈረ የሚያውቁት አራሹ በነገራቸው መጠን ነው። መጀመሪያ «ዘንድሮ ውርጭ መታው» ይባላል፤ በሚቀጥለው ዓመት ዘሩን እኔ ነኝ ያወጣሁት ይባላል፤ በሦስተኛው ዓመት እኩሉ ሲሶ ይሆናል። ገለባውማ ከነጭራሹ አይነሣም። በዚህ መካከል የጎረቤቱ ማረሻ በየዓመቱ አንድ ትልም እየገፋ ይገባል።

ለዚህ መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ የሚያሳዝነውም ቀላልነቱ ነው። ምርቱ ሲሰፈር አራሹ ያልሆነ አንድ ሰው ይገኝ፤ የጎረቤት ልጅ፣ የቤተ ክርስቲያን ወጣት፣ የአጎት ልጅ፣ ማንም። ድንበሩን በተመለከተ ደግሞ የመጀመሪያው ደብተር ተዋሳኞችን በስም የሚዘረዝር እንጂ ካርታ የለውም፤ ሁለተኛ ደረጃ የሚባለው የይዞታ ማረጋገጫ ግን የማሳውን ካርታ ይዟል። እናትዎ የትኛው እንዳላቸው ያውቃሉ?

ሁለተኛው በር ወለድ አገድ ነው። ከተማ ያደጉ አንባቢዎች ቃሉን ላያውቁት ይችላሉ። እናትዎ ለሕክምና 10 ሺህ ብር ተበደሩና በምትኩ ሁለት ጥማድ መሬት ሰጡ እንበል። አበዳሪው ብሩ እስኪመለስለት መሬቱን ያርሳል፤ ምርቱ ወለዱ ነው። ዓመት ያልፋል፣ አራት ዓመት ያልፋል፤ ከ10 ሺሁ አንዲት ብር አትቀነስም። ምርቱን ያጣች አሮጊት ደግሞ 10 ሺህ ብር ከየት ታመጣለች? ስለዚህ ዕዳው አይከፈልም፤ መሬቱም አይመለስም። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በገንዘብ ብድር ላይ ሰዎች የሚስማሙበት ወለድ በዓመት ከ12 በመቶ እንዳይበልጥ ይከለክላል፤ የ1996ቱ የወንጀል ሕግም አራጣን ወንጀል አድርጎታል። የሁለት ጥማድ ምርት በገበያ ዋጋ ሲሰላ የ10 ሺህ ብር ስንት በመቶ እንደሚሆን እርስዎ ያስሉት። ልጅ ሆይ፣ ይህን በር ለመዝጋት ጠበቃ አያስፈልግም፤ ዕዳውን ከፍለው መሬቱን ያስመልሱ። ሲከፍሉም የድሮውን ወረቀት ተቀብለው ይቅደዱ፤ አዲስ የመረካከቢያ ወረቀትም ያስጽፉ።

ሦስተኛው የረጅም ዘመን ኪራይ ነው። በ1998 ዓ.ም. የወጣው የክልሉ የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 133 እስከ 25 ዓመት ማከራየትን ፈቅዶ ነበር፤ በ2009 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 252 ተተክቶበታል፤ ረጅሙን ኪራይ ግን አላስቀረውም። ለአርባ ዓመት ጎልማሳ ይህ መልካም ነገር ሊሆን ይችላል። የሰባ ዓመት እናት 25 ዓመት ሲያከራዩ ግን ውሉ የሚያልቀው በ95 ዓመታቸው ነው! ገንዘቡ በአንድ ጊዜ ተከፍሎ በአንድ ክረምት ካለቀ የቀረውን ዘመን በምን ሊኖሩ ነው?

አራተኛው ስጦታ ነው። መሬት ስለማይሸጥ የሚሸጥ ሰው «ሸጥሁ» ብሎ አይጽፍም፤ «ስለ ጦረኝ ሰጠሁት» ብሎ ይጽፋል። ይህ ዐረፍተ ነገር እውነት የሚሆንበት ጊዜ አለ፤ ሐሰት የሚሆንበትም ጊዜ አለ፤ ወረቀቱ ላይ ግን ሁለቱም አንድ ዓይነት ናቸው። በመጽሐፍ ቅዱስ የናቡቴን የወይን ቦታ ታሪክ ያነበበ (1ኛ ነገሥት 21) ነገሩ በምን እንደ ተጀመረ ያስታውሳል፤ በደብዳቤ፣ በማኅተምና በሁለት ሐሰተኛ ምስክሮች።

ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህ በክልሉ በተነሣው ግጭት ደግሞ መንገድ የሚዘጋበት፣ ጽሕፈት ቤት የማይከፈትበት ጊዜ በዝቷል። «አሁን እዚህ ጣትዎን ያኑሩ፤ ቢሮው ሲከፈት እናስመዘግበዋለን» የሚል ሰው ከተለመደው ጊዜ ይልቅ ይታመናል። ቢሮ ካልተከፈተ ግን ፊርማውም መቆየት ይችላል።

ስለዚያ ጣት ሕጉ ምን ይላል?

አሁን ብዙዎቻችን የማናውቀውን ነገር ልንገርዎ። በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1728 መሠረት፣ ዓይነ ስውር የሆነ ወይም ማንበብና መጻፍ የማይችል ሰው ፊርማ ወይም የጣት ምልክት በውል አዋዋይ፣ በፍርድ ቤት መዝጋቢ ወይም በዳኛ ፊት፣ እነርሱም በሥራቸው ላይ ሆነው ካልተረጋገጠ በቀር፣ ያን ሰው አያስገድደውም።

እባክዎ ደግመው ያንብቡት። ከምድጃው ዳር የተደረገው ያ የጣት ምልክት፣ በሥሩ የሦስት ጎረቤት ስም ቢደረደርበትም፣ ያን ሰውዬ እንደሚመስለው የታሰረ ነገር አይደለም። ሕጉ ከስድሳ ዓመት በላይ ሆኖታል። መንደር ውስጥ ግን የሚታመነው ሌላ ነው፦ «ፈርመሻል፤ አለቀ» ይባላል። እናትዬዋም ያለቀ መስሏቸው ዝም ይላሉ። ስንት መሬት በሕግ ሳይሆን በዚህ ቃል ብቻ ተወስዶ ይሆን?

ስለዚህ ለወላጆችዎ አንድ ነገር ብቻ ማስተማር ቢችሉ ይህን ያስተምሯቸው፦ ቤት ውስጥ ጣት አይነከርም። ማዳበሪያም ይሁን፣ ሴፍቲኔትም ይሁን፣ የምርጥ ዘርም ይሁን፣ «ልጄ መጥቶ ያንብብልኝ» ወይም «ወረዳ ሄጄ በሹም ፊት አደርገዋለሁ» ማለት ነውር አይደለም። ለሚያስፈርመው ቅን ሰው ይህ አያስከፋውም። የሚያስከፋው ካለ ደግሞ ራሱን ገለጠ።

ወረዳ ሲኬድም የሚታሰብበት ነገር አለ። ወረቀቱ የሚጠቅመው ሰው ራሱ ደግፎ ያመጣቸው፣ ራሱ ስለ እነርሱ የሚመልስ ከሆነ ሹሙ ምን ሊያውቅ ይችላል? ሹሙ እናትዎን ለብቻቸው አስቀምጦ «እማማ፣ ይህ ወረቀት ምን እንደሆነ በራስዎ ቃል ይንገሩኝ» ቢል ግማሹ ማታለል እዚያው ይከሽፋል። እንዲህ እንዲያደርግ መጠየቅ ይቻላል።

ኑዛዜም የራሱ ሥርዓት አለው። ብዙ ሰው የሚያደርገው በግልጽ የሚደረገውን ኑዛዜ ነው፤ በቁጥር 881 መሠረት ተናዛዡና አራት ምስክሮች ባሉበት መነበብ፣ ይህም መፈጸሙና ቀኑ መጻፍ፣ ሁሉም እዚያው መፈረም አለባቸው። ዳኛ ወይም መዝጋቢ በሥራው ላይ ሆኖ ከምስክሮቹ አንዱ ከሆነ ሁለት ይበቃሉ። ኑዛዜ ሰውዬው በሕይወት እስካለ ድረስ ሊሻር ይችላል። ውክልናም እንዲሁ ይሻራል። እነዚህን ሁለት ነገሮች የማያውቁ አረጋውያን «አንዴ ተናግሬያለሁ» እያሉ በገዛ ቃላቸው ታስረው ይኖራሉ።

የሚጦረው ሰውስ?

እስካሁን ያነበበ ሰው የወንድም ልጅን ሁሉ ሌባ ያደረግሁ ሊመስለው ይችላል። እንዲያ አይደለም። እንዲያውም ከዚህ ቀጥሎ የምለው ለእኛ ለሄድነው የሚመር ነው።

ያ ጎረምሳ ዐሥር ዓመት ውኃ አስቀድቷል። ሌሊት ሲያማቸው ተሸክሞ ጤና ጣቢያ ያደረሰ እሱ ነው። የራሱ መሬት የለውም፤ በደጋው ያሉ ብዙ ወጣቶች የላቸውም። እርስዎ በዓመት አንዴ ለፋሲካ በአውቶቡስ መጥተው፣ ስኳርና ጫማ ሰጥተው፣ ፎቶ ተነሥተው ሲመለሱ እሱ በጓዳ ቆሞ ያያል። «ምን ልስጥህ? ምን ይገባሃል?» ብሎ የጠየቀው ሰው የለም። ሲሞቱ ግን መሬቱን ለመካፈል አምስታችሁም እንደምትመጡ ያውቃል። ያልተነገረ ደመወዝ አንድ ቀን ራሱን ይከፍላል። ማሳበቤ አይደለም፤ ማታለል ማታለል ነው። ነገር ግን በብዙ ቤት ሌብነቱ የሚጀምረው ከልጆች ዝምታ ነው ብዬ አምናለሁ።

ሕጉም ቢሆን የመጀመሪያውን ሸክም የጣለው በልጆች ላይ ነው። የፌዴራሉ የ1992 የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግም የአማራ ክልል የ1995 የቤተሰብ ሕግም ልጆች የተቸገሩ ወላጆቻቸውን የመጦር ግዴታ እንዳለባቸው ይደነግጋሉ። የክልሉ የመሬት ሕግ ደግሞ ከባለ መሬቱ ጋር በቋሚነት የሚኖርንና ኑሮውን የሚጋራን ሰው እንደ ቤተሰብ ይቆጥረዋል። ስለዚህ ያ ጎረምሳ እንግዳ አይደለም፤ መብት ሊኖረው ይችላል። ጥያቄው መብቱ በብርሃን ይሰጠው ወይስ በጨለማ ይውሰደው የሚለው ነው።

በሚቀጥለው በዓል አገር ቤት ሲገቡ ይህን ያድርጉ። እናትዎ በተቀመጡበት፣ እህት ወንድሞችዎም በተገኙበት ወይም በስልክ በተጠየቁበት፣ የሚጦራቸውን ሰው ጠርተው ይነጋገሩ። ከእኩሉ ምን ያህል ይድረሰው? በወር የሚቆረጥለት ነገር ይኑር? ለወደፊቱ ከመሬቱ የሚሰጠው ካለ የትኛው ማሳ ነው፣ ከመቼ ጀምሮ ነው? እናትዎ ያልፈለጉትን እናንተ አትስጡ፤ የፈለጉትንም አትከልክሉ፤ መሬቱ የእርሳቸው ነው። ከዚያ የተስማማችሁበትን በሽማግሌ ፊት ተናግራችሁ፣ ቀጥሎም በሕጉ መንገድ አስመዝግቡት። በወሎ ለዚህ የሚሆን ቦታ አለ፤ ቅሬ። በሌላው አገር እድር የሚባለው ነው። ሙስሊሙና ክርስቲያኑ በአንድ ቅሬ የሚቀባበርባቸው መንደሮች ብዙ ናቸው፤ የቅሬ ዳኛ ፊት የተነገረ ነገር ደግሞ በቀላሉ አይካድም።

ይህን ስጽፍ ቅር የሚላቸው አማኞች እንደሚኖሩ አውቃለሁ። የወንጌል አማኞች በአንዳንድ ገጠር ከቅሬና ከመቃብር ቦታ ተገልለው የኖሩበት ዘመን ነበር፤ ቁስሉ ያልሻረላቸውም አሉ። ነገር ግን ከቅሬ የተለየ አረጋዊ አማኝ ከማንም ይልቅ ለዚህ ዓይነቱ በደል የተጋለጠ ነው። ደጁን የሚያንኳኳ ጎረቤት የለውማ! ስለዚህ በዚያ ያለች ትንሽ ጉባኤ፣ ዐሥራ አምስት ሰውም ብትሆን፣ በየሳምንቱ ሁለት ሰው ወደ አረጋውያኑ ቤት ትላክ። ሁለቱ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ሰዎች አይሁኑ።

የስልኩ ሌባ

ስለማይታወቀው አጭበርባሪ እመጣበታለሁ ብዬ ነበር። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ ከጅዳም ከአዲስ አበባም የሚላክ ገንዘብ አሮጊቷ እጅ ያለች ትንሽ ስልክ ድረስ መግባት ጀምሯል። ትልቅ በረከት ነው። ሆኖም ሚስጥር ቁጥሩን የሚያውቀው ስልኩን የሚነካካላቸው ልጅ ነው፤ አንዳንዴም ሙሉ መንደሩ። የተላከው 5 ሺህ ብር «3 ሺህ ገባ» ተብሎ ሲነገራቸው በምን ያውቃሉ? ስለዚህ ገንዘብ በላኩ ቁጥር ደውለው መጠኑን ለእናትዎ ለራሳቸው በጆሯቸው ይንገሩ። በመልእክት አይላኩ፤ መልእክቱን የሚያነበው ሌላ ሰው ነውና።

ከሩቅ የሚደውለው ሌባ ቃሉ የታወቀ ነው፦ ሽልማት ደርሶዎታል፤ ልጅዎ መኪና ገጭቶ ታስሯል፤ ከባንክ ነው የምንደውለው፤ የተላከልዎትን ቁጥር ይንገሩን። ባንክም ቴሌም ሚስጥር ቁጥር በስልክ አይጠይቁም። ጥርጣሬ ካለ ስልኩን ዘግቶ ራስ መደወል ነው፤ የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ በ951፣ ቴሌብር በ127 ይገኛሉ። የፋይዳ መታወቂያ ምዝገባም በነፃ ነው፤ ገንዘብ የሚጠይቅ ካለ አይስጡት። (በነገራችን ላይ ዕድሜ ልኩን ያረሰ ሰው የጣት አሻራው ተፍቆ መሣሪያው ላያነብለት ይችላል። ፋይዳ የዓይን አሻራም ስለሚወስድ «አሻራዎ እምቢ አለ፤ በእኔ ስም ላስመዝግብልዎ» የሚል ሰው አይታመን።)

አንድ ሌላ ደዋይ ደግሞ አለ፤ ስለ እሱ ዝም ብዬ ባልፍ ግብዝ እሆናለሁ። በእግዚአብሔር ስም የሚደውለው ነው። «ጌታ ስለ እርስዎ አሳይቶኛል፤ ይህን ያህል ብር ዘር ይዝሩ» የሚል ድምፅ ብቸኛ ለሆነች አሮጊት ከባንክ ደዋይ ይልቅ ጣፋጭ ነው። ጌታችን በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 7 ላይ የገሠጸው ለአባትና ለእናት የሚገባውን «ቁርባን ነው» እያሉ የሚያስቀሩትን ነበር። ከአረጋዊት እናት ቤት ወይም መሬት በስጦታ የሚቀርብላት ጉባኤም ብትሆን ልጆቻቸው ሳያውቁ ባትቀበል ይሻላል ባይ ነኝ። ይህ የእኔ አሳብ ነው፤ መሪዎች ይወያዩበት።

ነገሩ ቀድሞ ተፈጽሞ ከሆነ

ምልክቶቹ ጮኸው አይመጡም። በስልክ ሲያነጋግሯቸው ሁልጊዜ አንድ ሰው አጠገባቸው ቆሞ ይሰማል። የይዞታ ደብተሩ «እሱ ዘንድ ነው» ይባላል። የሴፍቲኔቱን የቀጥታ ድጋፍ ሌላ ሰው ይቀበልላቸዋል። መድኃኒት እየተላከላቸው ሕመሙ ይብሳል። ቀድሞ የሚወዱትን ጎረቤት ስም ማንሣት ይተዋሉ። ዱላ ከተጨመረበትማ ስለ መሬቱ ከመጠየቅዎ በፊት እናትዎን ከዚያ ቤት ያውጧቸው።

ከዚያ በቁጣ አይሂዱ። የሚጦራቸውን ሰው በአንድ ቀን አባርረው እርስዎ በማግስቱ ወደ አዲስ አበባ ቢመለሱ የተጎዱት እርሳቸው ናቸው። መጀመሪያ ከነገ ወዲያ ውኃ ማን እንደሚያስቀዳላቸው ይወስኑ። ቀጥሎ ደብተሩን በእጅዎ ያስገቡ፤ ገጾቹን ሁሉ በስልክ ፎቶ ያንሡ። የወረዳው መሬት ጽሕፈት ቤት ሄደው በእናትዎ ስም ያለው ማሳ አሁን በማን ስም እንደ ተመዘገበ ይጠይቁ። አዲስ ስም ካገኙ የተመዘገበበትን ሰነድ ግልባጭ ይጠይቁ፤ የጣት ምልክቱ በማን ፊት እንደ ተደረገ የሚታየው እዚያ ላይ ነው። ሽማግሌ መላክም መልካም ነው፤ ብዙ ጉዳይ በሽማግሌ አልቋል። ነገር ግን ሽማግሌው «ቆዩ፣ ከመከር በኋላ» እያለ ዓመት እንዳያሳልፍብዎ። በማታለል የተደረገን ውል ለማስፈረስ ሕጉ የሚሰጠው ጊዜ ምክንያቱ ከቀረ በኋላ 2 ዓመት ነው።

ለዳኝነት የሚከፈል ገንዘብ ከሌለ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ ድኻ የሆነ ሰው ያለ ክፍያ ክስ የሚያቀርብበትን መንገድ ከቁጥር 467 ጀምሮ ደንግጓል፤ አለመቻልን ለፍርድ ቤቱ ማስረዳት ያስፈልጋል። ለምክር የወረዳው ፍትሕ ጽሕፈት ቤት አለ፤ ደሴ ላሉ ደግሞ የወሎ ዩኒቨርሲቲን የሕግ ትምህርት ቤት መጠየቅ ነው። ወረቀቱ ሐሰት ተነግሮ የተፈረመ ከሆነ ማታለል ወንጀል ነውና ለፖሊስም ይነገራል።

ይህን ሁሉ ከማድረግዎ በፊት ግን ዛሬ ማታ ይደውሉ። አጠገባቸው ያለው ሰው ለአፍታ ወጣ እንዲል ጠይቀው «እማዬ፣ ደብተሩ የት ነው? በዚህ ዓመት ጣትሽን የነከርሽበት ወረቀት አለ?» ይበሏቸው። ዝም ካሉ አይጫኗቸው። «ከፋሲካ በፊት እመጣለሁ» ብለው ቀኑን ይንገሯቸው፤ በዚያም ቀን ይገኙ።